በኤም ዋን ጠመንጃዬ ላይ መነጽር የተከልኩበት ምክንያትና መንገድ

ባለፈው ዓመት በጸደይ ወራት፣ በቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የተኩስ ሜዳ በደረቴ ተኝቼ መቶ ያርድ ላይ የተተከለውን ወረቀት ሳነጣጥር፣ የጠመንጃዬ የፊት ማነጣጠሪያ ቀጥ ያለ ብረት መሆኑ ቀርቶ ዳርና ዳሩ የደበዘዘ ጥቁር ጥላ ሆኖ ታየኝ። መጀመሪያ የዓይን መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፤ ቀጥሎ ከላይ የደረብኩትን የመከላከያ መነጽር ጠረግሁ፤ በመጨረሻ ጥፋቱ የመስታወቱ ሳይሆን የዓይኔ መሆኑን ለራሴ አመንኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ በቅርብና በሩቅ ባለው ነገር መካከል በፍጥነት መቀያየር ያቅተዋል። በኤም ዋን ላይ ደግሞ ከኋላው ቀዳዳ እስከ ፊቱ ብረት ያለው ርቀት 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ተኳሹ ብረቱን አጥርቶ እያየ ከብረቱ ባሻገር ያለው ኢላማ በመጠኑ ቢደበዝዝበት ይታገሣል። የእኔ ዓይን ግን ሁለቱንም አደበዘዘብኝ። በደህና ጊዜዬ ስምንቱን ጥይት በመዳፍ ስፋት ውስጥ የማሳርፍ ሰው፣ በዚያ ቀን በእንጀራ ሰሐን ላይ እንደተበተነ ሽሮ በትኛቸው ተመለስኩ።

ጠመንጃውን መለወጥ አልፈለግሁም፤ የቀረኝ መፍትሔ ኢላማን የሚያጎላ የማነጣጠሪያ መነጽር በላዩ መትከል ነበር። ኤም ዋን የሚለው ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ሆነው የተዋጉት በዚሁ ጠመንጃ ነበር፤ ከዚያ በኋላም በወታደራዊ ዕርዳታ ወደ አገር ቤት በብዛት ገብቷል። በልጅነቴ የአባቴ ወንድም በትከሻው አንግቶት ገበያ ሲሄድ አይ ስለነበር፣ አሜሪካ መጥቼ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የመጀመሪያው ጠመንጃዬ ሌላ ሊሆን አልቻለም። የገዛሁት የሲቪሎችን የኢላማ ተኩስ ለማበረታታት ከተቋቋመውና በአላባማ ግዛት በአኒስተን ከተማ መሸጫ ካለው የሲቪል ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም ነው። ይህ ድርጅት ሠራዊቱ ያስረከበውን አሮጌ ኤም ዋን የሚሸጠው ለዜጋ፣ የታወቀ የተኩስ ክበብ አባል ለሆነና መተኮስ መልመዱን በማስረጃ ለሚያሳይ ሰው በመሆኑ፣ ወረቀቱን አሟልቼ ጠመንጃው እስኪደርሰኝ ብዙ ወራት ጠበቅሁ። እንዲህ ደጅ ጠንቼ ያገኘሁትን ዕቃ በመሰርሰሪያ ልበሳው የሚል ሐሳብ ከቶ አልመጣልኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ደንብ አወጣሁ፤ በጠመንጃው ላይ የሚጨመር ማንኛውም ነገር ምንም ቀዳዳ ሳይበሳ፣ ምንም ብረት ሳይሞረድ፣ በአንድ ምሽት ተነቅሎ ጠመንጃው ወደ ጥንቱ መልኩ የሚመለስበት መሆን አለበት።

ይህ ደንብ ምርጫዬን ወዲያውኑ አጠበበው፤ የጠመንጃው አሠራር ደግሞ ይበልጥ አጠበበው። በካናዳ የተወለደው ጆን ጋራንድ በማሳቹሴትስ በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነደፈውና የአሜሪካ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1936 የተቀበለው ይህ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንደ ክላሽ ከሥር የሚሰካ ካርታ የለውም። ስምንት ጥይት የያዘ የብረት ክሊፕ ከላይ በኩል በአውራ ጣት ተጭኖ ይገባል፤ ስምንተኛው ጥይት ሲተኮስ ባዶው ክሊፕ በዚያው በላይ በኩል እየጮኸ ተፈናጥሮ ይወጣል። እንግዲህ መነጽሩን እንደ ማንኛውም የአደን ጠመንጃ ከመቀርቀሪያው ቤት በላይ ብትተክሉት ክሊፑ የሚገባበትንም የሚወጣበትንም በር ዘጋችሁት ማለት ነው። ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በ1944 ለአልሞ ተኳሾች ኤም ዋን ሲ እና ኤም ዋን ዲ የተባሉትን ሲያዘጋጅ መነጽሩን ወደ ግራ ጎን አውጥቶ በመትከል ይህን ችግር አለፈው፤ ነገር ግን የተኳሹ ጉንጭ ከሰደፉ ስለሚርቅ፣ ከሰደፉ ጎን የቆዳ ትራስ በጠፍር ማሰር አስፈለገ። የጎን መትከያው ሥራ ጠመንጃውን መብሳትን ወይም ከበርሜሉ ጀምሮ መለወጥን የሚጠይቅ ስለሆነ በእኔ ደንብ ወደቀ።

የቀረው መንገድ መነጽሩን ከመቀርቀሪያው ቤት ፊት፣ ከበርሜሉ በላይ መትከል ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በካር 98 ጠመንጃቸው ላይ ዜድ ኤፍ 41 የተባለች አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ የምታጎላ ትንሽ መነጽር በዚሁ ዓይነት ከዓይን አርቀው ተክለዋል፤ በኋላም አሜሪካዊው የተኩስ አስተማሪ ጄፍ ኩፐር በአሪዞና ባቋቋመው የጋንሳይት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ‘ስካውት’ ብሎ የሰየመውን ቀላል ጠመንጃ ሲያስተዋውቅ፣ ወደ ፊት የተተከለና ጥቂት ብቻ የሚያጎላ መነጽር ከዋና ዋና መለያዎቹ አንዱ አደረገው። ኩፐር ያሰበው በእጅ የሚቀባበልና ሦስት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ጠመንጃ ስለነበረ፣ ያለ ጥይት 4.3 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ኤም ዋንን ‘ስካውት’ ብሎ መጥራት በቅሎን ፈረስ ብሎ እንደመጥራት ነው፤ አንዳንድ ሰዎች ይሉታል፣ እኔ አልልም። ከኩፐር የወሰድኩት መነጽሩን ብቻ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ አተካከል የሚሆነው መነጽር ከተለመደው ይለያል። ተራ የአደን መነጽር ሙሉ ሥዕል የሚያሳየው ዓይን ከኋለኛው ሌንስ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ነው፤ ወደ ፊት የሚተከለው ግን ከ23 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሙሉ ሥዕል እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ መሆን አለበት። ይህን ሳያውቅ በቤቱ የነበረውን መነጽር በርሜሉ ላይ የተከለ አንድ የክበባችን ሰው አይቻለሁ፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚመለከት ልጅ ራሱን ወደ ፊት እየሰገገ ሲተኩስ ዋለ። እኔ የመረጥኩት ሁለት ተኩል እጥፍ የሚያጎላ፣ የማጉላት ኃይሉ የማይቀያየር መነጽር ነው። ብዙዎች ‘ሁለት ተኩል ምን ያደርጋል?’ ይላሉ። የእኔ ችግር ግን የኢላማው ርቀት ሳይሆን የማነጣጠሪያው መደብዘዝ ነበር፤ መነጽሩ የመስቀል መስመሩንና ኢላማውን በአንድ ርቀት ላይ ያሉ አስመስሎ ስለሚያቀርባቸው የደከመው ዓይን መቀያየር አያስፈልገውም፣ እውነተኛው መድኃኒት ይህ ነው። ማጉላቱ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ መተኮስ ይቻላል፤ ቀኝ ዓይን መስቀሉን፣ ግራ ዓይን ሜዳውን ሁሉ ያያል። ጠመንጃው ሲራገጥም የመነጽሩ ጠርዝ ከቅንድብ ርቆ ስለሚገኝ ግንባር አይመታም።

ቋሚው፣ ማለትም መነጽሩ የሚያርፍበት የብረት መደብ፣ የኋለኛውን የእጅ መከለያ እንጨት ተክቶ ይገባል። ኤም ዋን በበርሜሉ ላይ ሁለት የእጅ መከለያ እንጨቶች አሉት፤ የኋለኛው አጭሩ በብረት ቀለበት በርሜሉ ላይ ባለ ጠባብ ቦይ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ያንን ቀለበት እንጨቱን ሳይሰነጥቁ መንቀል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ አንድ ጊዜም ካቻቢቴው ከእጄ አምልጦ በርሜሉ ላይ እስከ ዛሬ የሚታየኝን ጭረት ጥሎልኛል። እንጨቱ ከወጣ በኋላ መደቡ በርሜሉን ከላይና ከታች አቅፎ በአራት የብሩጎላ ብሎኖች ይታሰራል፤ በላዩ ላይ የመነጽሩ ሁለት ቀለበቶች የሚነክሱበት ርቀቱ የተመጠነ ጥርስ አለ። የመነጽሩ ኋላ ከመቀርቀሪያው ቤት አፍ አልፎ እንዳይወጣ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ከዚያም ባዶ ክሊፕ አስገብቼ በእጄ ደጋግሜ አስወጣሁ። ብረቱ መነጽሩን ሳይነካ መውጣቱን ሳታረጋግጡ ብሎኖቹን አታጥብቁ።

በማጥበቁ ላይ ነው የተሳሳትኩት። መደቡን ባሰርኩበት ምሽት ሥራውን ቶሎ ለመጨረስ ስለቸኮልኩ የበርሜሉን የቆየ ዘይትና የብሎኖቹን ጥርስ በአልኮል ሳልጠርግ፣ ኃይል በሚለካ ቁልፍም ሳይሆን በእጄ ግምት አጠበቅኋቸው። ቅዳሜ ሜዳ ሄድኩ። የመጀመሪያው ክሊፕ አስደሰተኝ፣ ሁለተኛውም መልካም ነበር፤ በሦስተኛው ጥይቶቹ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፣ አራተኛው ሲያልቅ ከመጀመሪያው ቦታ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው አገኘኋቸው። እንደ ሞኝ የመነጽሩን ማስተካከያ እያዞርኩ ተከተልኳቸው። በመጨረሻ መደቡን በእጄ ስይዘው ሊያቃጥለኝ እስኪደርስ ሞቆ ነበር፤ ወዝወዝ ሳደርገውም እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀ። መደቡ የሚያርፈው በቀጥታ በርሜሉ ላይ ስለሆነ ሙቀቱን ሁሉ ይቀበላል፤ ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ዘይት በመካከሉ ካለ ደግሞ ይንሸራተታል፣ በርግጫው ብዛትም ብሎኖቹ ይላላሉ። ሠላሳ ሁለት ጥይት በከንቱ ማለት ነው፣ ኤም ዋን የሚጎርሰው ሠላሳ ዜሮ ስድስት የተባለው ጥይት ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። በርሜሉን፣ የመደቡን ውስጠኛ ገጽና እያንዳንዱን ብሎን በአልኮል ጠረግሁ፤ ብሎኖቹን በመካከለኛ ኃይል የሚይዘውን ሰማያዊ ሙጫ አንዳንድ ጠብታ ቀባኋቸው፤ አራቱንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመስቀለኛ ተራ ጥቂት ጥቂት እያደረግሁ አምራቹ በወረቀቱ ላይ እስካሰፈረው ልክ አጠበቅሁ። የመነጽሩን ቀለበቶች ግን በዚያ ኃይል ማጥበቅ አይገባም፤ የመነጽሩ ቱቦ ቀጭን አልሙኒየም ስለሆነ ይጨመደዳል፣ እኔ 17 ኢንች ፓውንድ ላይ አቁሜያለሁ። በመጨረሻም የልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም ተውሼ ከእያንዳንዱ ብሎን ራስ እስከ መደቡ የሚዘልቅ ቀጭን መስመር አሠመርኩ። ብሎኑ በጥቂቱ እንኳ ከዞረ መስመሩ ይቆረጣል፤ ከስድስት ወር በኋላም አልተቆረጠም። ልጄ ቀለሙን እስከ ዛሬ አልተቀበለችኝም፣ ባሩድ ይሸታል ትላለች።

ኢላማ ማስያዙ የራሱ ጣጣ አለው። በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ መቀርቀሪያው ሲወጣ በበርሜሉ ቀዳዳ ውስጥ በኋላ በኩል ተመልክቶ መነጽሩን በግምት ማስተካከል ይቻላል፤ የኤም ዋን የመቀርቀሪያ ቤት ግን ከኋላው ድፍን ስለሆነ ይህ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ 25 ያርድ ላይ ትልቅ ወረቀት ሰቅዬ ጀመርኩ። በእኔ መነጽር የማስተካከያው አንዲት ጠቅታ ጥይቱን መቶ ያርድ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ታንቀሳቅሳለች፤ 25 ያርድ ላይ ግን የዚያን አንድ አራተኛ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች ከመካከሉ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ስለወደቁ አርባ ጠቅታ ያህል ወደ ግራ ማዞር ነበረብኝ፤ ስሌቱን የማያውቅ ሰው አምስት ስድስት ጠቅታ አዙሮ መነጽሩ ተበላሽቷል ብሎ ይበሳጫል። ቀጥሎ ወደ መቶ ያርድ ወጣሁ፤ በየስምንቱ ጥይት መካከል በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ አሥር ደቂቃ እየጠበቅሁ ጨረስኩት። አሁን ስምንቱ ጥይት 9 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ክብ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ለውድድር ሰው ይህ የሚያኮራ አይደለም፤ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነው ጠመንጃና ለእኔ ዓይን ግን ዕርቅ ነው።

ከመነጽሩ ሌላ ከጨመርኳቸው ነገሮች ውስጥ በእውነት የሚያስፈልገው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የሚስተካከለው የጋዝ መዝጊያ ነው። ኤም ዋን የሚሠራው ከአፈሙዙ አጠገብ በበርሜሉ ሥር ባለች ቀዳዳ የሚወጣው ጋዝ ረጅሙን አንቀሳቃሽ ዘንግ ወደ ኋላ ሲገፋ ነው። ጠመንጃው የተመጠነው 150 ግሬን (10 ግራም ያህል) የሚመዝን ጭንቅላት ላለው ኤም 2 ለተባለው የጦር ሠራዊት ጥይት ሲሆን፣ ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው አንዳንዱ የአደን ጥይት ከባድ ጭንቅላትና ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ስላለው በዚያች ቀዳዳ ዘንድ የሚያደርሰው ግፊት ይበልጣል፤ ውሎ አድሮ ዘንጉን ሊያጎብጠው ይችላል። የጎበጠ ዘንግ ደግሞ እንደ ጎበጠ ሚስማር በቀላሉ አይቃናም። የሚስተካከለው መዝጊያ በመካከሉ ብሎን ያላት ቀዳዳ አለችው፤ ብሎኑን ከፍቶ ጀምሮ፣ ጠመንጃው ራሱ ቀለሁን አስወጥቶ ቀጣዩን ጥይት እስኪያጎርስና ክሊፑን እስኪጥል ድረስ ጥቂት በጥቂት መዝጋት ነው። እንዲያም ሆኖ እኔ በብዛት የምተኩሰው ለኤም ዋን ተብሎ በልኩ የተሠራውን ጥይት ነው። መዝጊያውን የገዛሁት በኖቬምበር በምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች አጋዘን ስናድን ለምይዘው ጥይት ብዬ ነው።

የቀሩት ወጪዎቼ በአብዛኛው የከንቱ ነበሩ፣ አልደብቅም። መነጽር የተከለ ሰው ቀጥሎ ሁለት እግር ያለው መደገፊያ ያምረዋል፤ ገዛሁ። መደገፊያው ከፊት በኩል ስለሚታሰር ክብደቱን በርሜሉ ላይ ይጥላል፤ ጥይቶቹ ተደግፌ ስተኩስና ሳልደገፍ ስተኩስ የሚያርፉበት ቦታ ተለያየ፤ አውልቄ ጣልኩት። ሰደፉ ላይ የሚታሰር የጥይት መያዣ ገዛሁ፤ ኤም ዋን ጥይቱን በክሊፕ እንጂ በነጠላ እንዲጎርስ ስላልተሠራ ነጠላ ጥይት የሚይዝ ኪስ ምን ያደርግለታል? የእኔ ልብ ያን ጊዜ የት እንደነበረ አላውቅም። የቀረው የቆዳ ማንገቻውና የጉንጭ ትራሱ ብቻ ነው። መነጽሩ ከብረቱ ማነጣጠሪያ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጉንጭ ማረፊያ ያጣል፤ በጠፍር ሰደፉ ላይ የሚታሰረው ትራስ ያንን ይሞላል፣ ሲፈታም ምንም ምልክት አይተውም። ማንገቻውን ክንድ ላይ ጠምጥሞ መተኮስ የሚያረጋጋ ቢሆንም፣ የፊቱ ቀለበት በርሜሉ ላይ በተያዘ ብረት ላይ ስላለ አጥብቆ መሳብ በርሜሉን ወደ ታች ይስበዋል፤ ስለዚህ ኢላማ ባስያዝኩበት የጥብቀት ልክ መያዝን ለምጃለሁ።

አንድ የማኅበር ቀን ቤታችን ከመጡት ሽማግሌዎች መካከል በወጣትነታቸው በክብር ዘበኛ ያገለገሉ አንድ ጋሼ አሉን። ጠመንጃውን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ከተቆለፈበት ሣጥን አውጥቼ ባዶነቱን አረጋግጬ ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን በእኔ ማረጋገጥ አላመኑም፤ ዘንጉን ስበው በትንሿ ጣታቸው ውስጡን ዳሰሱና ቀና አሉ። ‘ኤም ዋን!’ አሉ፣ የቀድሞ የሠፈር ልጅ ስም እንደሚጠራ ሰው። ቀጥሎ ጥቁሩን መደብና መነጽሩን አገላብጠው አይተው፣ ‘ይህ ምኑ ነው? ጄሶ የታሰረለት ሰው አስመሰልከው እኮ’ አሉኝ። ስቄ የዓይኔን ነገር ነገርኳቸው። አንሥተው በመስኮት በኩል ወደ ጎረቤታችን ዛፍ አነጣጠሩ፣ ጣታቸውን ከቃታው አርቀው፤ ብዙ ቆዩ። ሲያወርዱት ስለ ጄሶው ደግመው አላነሡም፤ ‘ዋጋው ስንት ነው፣ ልጄ?’ ብለው ጠየቁኝ።

የዚህ አተካከል እውነተኛ ጉድለት ፀሐይ ናት። መነጽሩ ከፊት ርቆ ስለሚቀመጥ በኋለኛው ሌንስና በዓይን መካከል ያለው ሰፊ ክፍት ቦታ ለብርሃን የተጋለጠ ነው፤ በተለመደው አተካከል የተኳሹ ራስ ራሱ ያንን ቦታ ይሸፍነው ነበር። ጧት ወይም ወደ ማታ ፀሐይ ከጀርባችሁ ዝቅ ብላ ስትሆን ብርሃኗ በኋለኛው ሌንስ ላይ ተንጸባርቆ መስቀሉን ያጠፋዋል። ባለፈው ኖቬምበር ማለዳ በተራራ ጥግ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንዲት አጋዘን ሰማንያ ያርድ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ጠመንጃዬን ባነሣ በመነጽሩ ውስጥ የታየኝ የራሴ ባርኔጣ ጥላና የፀሐይ ነጸብራቅ ብቻ ነበር። ባርኔጣዬን አዘነበልኩ፣ ትከሻዬን አዞርኩ፤ እስኪጠራልኝ ድረስ እሷ ጉዳይዋን ጨርሳ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ስቀመጥ የምመርጠው የነፋሱን አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን የፀሐዩንም ነው። የእይታው ስፋትም ወደ ዓይን ቀርቦ ከሚተከል መነጽር ይጠባል፤ ይህን ግን ሁለቱም ዓይን ክፍት ሲሆን እምብዛም አላስተውለውም።

የተነቀለው የእጅ መከለያ እንጨት ከብረት ቀለበቱና ከጥንቱ የጋዝ መዝጊያ ጋር በዘይት በታሸ ጨርቅ ተጠቅልሎ በካርቶን ውስጥ ተቀምጧል፤ በላዩ የጠመንጃውን ቁጥርና የነቀልኩበትን ቀን ጽፌበታለሁ። ለሚመጣው ቅዳሜ የቀረኝ ሥራ የጉንጭ ትራሱን ጠፍር ፈትቼ ግማሽ ጣት ዝቅ ማድረግና ኢላማውን በክረምቱ ቅዝቃዜ እንደገና መሞከር ነው፤ ጋሼም አብረውኝ ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል፣ የጆሮ መከላከያ ግን አላደርግም ብለው እየተከራከሩኝ ነው።